ታፔላ ያነባል፣ «ውሃ» ግን አይልም

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ ሳያስተምሩት ስለሚያነብ ሕፃን ነው። አንድ ላይ ልመልሳቸው።

«ልጄ 3 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። ታክሲ ስንጠብቅ ታፔላ ያነባል፤ መገናኛ፣ ሜክሲኮ፣ ቃሊቲ። ማንም አላስተማረውም። ውሃ ሲጠማው ግን እጄን ጎትቶ ጆጉ ጋ ይወስደኛል እንጂ አይናገርም። ስሙን ስጠራው ዞር አይልም። ዘመድ ‹ሊቅ ነው፣ ከዓይን ጠብቂው› ይለኛል።» (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ ማንበቡ እውነተኛ ችሎታ ነው፤ ደስ ይበልዎት። እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ነው። ስሙ ሲጠራ አለመዞሩና በአፉ ከመጠየቅ ይልቅ እጅ መጎተቱ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ በብዛት ይታያል። ገና በጨቅላነት ማንበብ ጀምሮ የሚያነበውን ግን ያን ያህል አለመረዳት ሃይፐርሌክሲያ ይባላል፤ ስሙ የወጣለት በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ተመራማሪዎች የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ እንዲህ ካሉት ልጆች 84 በመቶ ያህሉ ኦቲዝም ነበረባቸው።

«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ቢሉዎት አይጠብቁ። መጀመሪያ ጆሮውን ያስመርምሩ። ከዚያ የሕፃናት ሐኪም ጋ ይሂዱና ለእኔ የጻፉልኝን ሁሉ፣ እጅ መጎተቱን ጭምር፣ ይንገሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ፤ ነህምያ የተባለ ሌላ የኦቲዝም ማዕከልም አለ።

እስከዚያው ይህን ይሞክሩ። ካርቶን ላይ በትልቁ «ውሃ» ብለው ይጻፉና ጆጉ አጠገብ ይለጥፉ። እጅዎን ሲጎትት ካርቶኑን ያሳዩት። ልክ እንዳነበበው ውሃውን ይስጡት። አሁን የሚያነበው ቃል ምንም አያመጣለትም፤ ይሄኛው ግን ውሃ ያመጣል። ሲለምደው «ዳቦ» ይጨምሩ።

«ልጃችን 4 ዓመቷ ነው። አማርኛም እንግሊዝኛም ታነባለች፣ ወሬዋ አያልቅም። አንድ ወዳጃችን ኦቲዝም እንዳይሆን ብሎ አስደነገጠን።» (አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

በጊዜ ማንበብ ብቻውን ኦቲዝም አይደለም። የዊስኮንሲኑ የአእምሮ ሐኪም ዳሮልድ ትሬፈርት በጊዜ የሚያነቡ ልጆችን በሦስት ከፍለው ነበር፦ ዝም ብለው የቀደሙ፣ ኦቲዝም ያለባቸው፣ እና መጀመሪያ ላይ ኦቲዝም የሚመስል ጠባይ አሳይተው እያደጉ ሲሄዱ የሚለቃቸው። የእርስዎ ልጅ ከፊተኞቹ ትመስለኛለች። ያነበበችውን ተረት በራሷ አፍ ትንገራችሁ፤ ቀበሮው ለምን እንዳዘነ ጠይቋት። ስጋቱ ካልለቀቃችሁ፣ ከ3 ዓመት በላይ ስለሆነች የካውንቲው ትምህርት ቤቶች በነፃ እንዲገመግሟት መጠየቅ ትችላላችሁ።

«የልጅ ልጄ ኦቲዝም አለበት ተባለ። ስልክ ላይ ፊደል ሲያይ ይውላል። ስልኩ ነው ያመጣበት? ፊደሉንስ እንደብቅበት?» (አያት)

እማማ፣ ስልኩ አላመጣበትም። ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ ነው፤ በዘር የሚወረሰውም ትልቅ ድርሻ አለው። የእናቱም ጥፋት አይደለም፤ እባክዎ ይህን ለእሷ ይንገሩልኝ፤ እንደዚህ ያለች እናት ራሷን ስትወቅስ ነው የምትውለው።

ስልኩን ይቀንሱለት፤ ስልክ ቢናገርም የልጁን ፊት አያይም። ፊደሉን ግን አይንጠቁት። ጆይን ያቋቋሙት ወ/ሮ ዘሚም ኦቲዝም ያለበት ልጃቸው እንዲናገር የረዱት በፊደላችን ድምፆች ነበር። የፊደል ገበታ ይግዙና አጠገቡ ይቀመጡ። እሱ «ሀ» ሲል እርስዎ «ሁ» ይበሉ። ከዚያ ዝም ይበሉ። ቀና ብሎ እስኪያይዎት ይጠብቁ፤ «ሂ»ን ለእሱ ይተዉለት።