ለወጣት የእንግሊዝኛ መምህራን፦ ተማሪያችሁ «ብሪንግድ» ሲል

ውድ ወጣት መምህራን፣

በቅርቡ ሥራ ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት አንድ ጥያቄ አቀረበችልኝ። «ጋሼ፣ አምና ‹ብሮት› እያሉ በትክክል ይመልሱልኝ የነበሩ ልጆች ዘንድሮ ‹ብሪንግድ› ማለት ጀምረዋል። ‹ቱክ› ይሉ የነበሩትም ‹ቴክድ› ይላሉ። ልጆቹ ወደ ኋላ እየተመለሱ ነው ወይስ እኔ ነኝ የማበላሻቸው?» አለችኝ። የ«ብሪንግ» (ማምጣት) ያለፈ ጊዜ «ብሮት»፣ የ«ቴክ» (መውሰድ) ደግሞ «ቱክ» ነው፤ ልጆቹ ግን ለአብዛኞቹ የእንግሊዝኛ ግሦች የሚሠራውን የ«-ድ» መጨረሻ ለጥፈውባቸዋል። ወደ ኋላ አልተመለሱም፣ አንቺም አላበላሸሻቸውም ብዬ በአጭሩ መለስኩላት። ጥያቄው ግን ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም ከብዙ ዓመት በፊት ይህንኑ ጉዳይ ሌላ ሰው አንሥቶብኝ፣ መልሱ እየተሰማኝ ማስረጃ አጥቼለት ቀርቷል። ሲቆጨኝ የኖረውም ይኸው ነው።

ጊዜው 1981 ዓ.ም. ነው። ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ሰባተኛ ክፍል አስተምር ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ገና ስላልመጣ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ሁሉንም ትምህርት በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ጂኦግራፊውም በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርበታል። በክፍሌ ከሰባ የሚበልጡ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ቤት የተከራዩ፣ ቅዳሜ ወደ ወላጆቻቸው ሄደው እሑድ ማታ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው የሚመለሱ ናቸው።

ሰኞ ሰኞ የክፍለ ጊዜውን መጀመሪያ «ቅዳሜና እሑድ ምን አደረጋችሁ?» ለሚለው ጥያቄ እተወው ነበር። ልማዱ የራሴ ፈጠራ አይደለም። እኔ ራሴ ሰባተኛ ክፍል በነበርኩበት በ1966 ዓ.ም. ያስተማረን አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኛ፣ ሰኞ ጠዋት ጠመኔውን ሳያነሣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይህንኑ ይጠይቀን ነበር። የሰላም ጓዶች ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች ያስተማሩ ሲሆን፣ ስለ እነርሱ ሰው የተለያየ ነገር ይናገራል። የእኛው ግን ከሌሎቹ መምህራኖቻችን የሚለየው ጥያቄውን ከጠየቀ በኋላ መልሱን መጠበቅ በመቻሉ ነበር። ልጁ «አይ… አይ…» እያለ ሲንተባተብ ዐይኑን ሳያነሣበት ዝም ይላል። ዝምታው ለእኛ ጭንቅ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በአንድ የጥር ሰኞ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። በመስከረም ወር ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ የምትቆም፣ ካልታዘዘች በቀር ቃል የማይወጣት ልጅ ነበረች። ቅዳሜ ወደ ቤቷ ስትሄድ አባቷ ጤፍ እየወቃ ስለ ነበር፣ ሌሊቱን እህሉን ሲጠብቁ ውድማ ላይ አድረዋል። ልትነግረን የተነሣችው ይህን ነው። «ማይ ፋዘር ቴክድ ሚ» ብላ ጀመረች። ከዚያ ውድማው ላይ «ስሊፕድ» አለች፤ ጅብ «ከምድ»፤ ወንድሟ ድንጋይ «ትሮውድ»። ውድማንና ጭድን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሏቸው ስላላወቀች ወደ ሰሌዳው ወጥታ ጠመኔ ተቀበለችኝና ክብ አድርጋ ውድማውን፣ በአንድ በኩል የጭዱን ክምር፣ በሌላው በኩል የተመረተውን ጤፍ፣ ከክምሩ ሥር ደግሞ የተኙበትን ቦታ ሣለች። ጅቡ የመጣበትን አቅጣጫ ነጥብ በነጥብ አሳየችን። ክፍሉ በሙሉ ጅቡ ምን እንዳደረገ ለማወቅ አንገቱን አስግጎ ይሰማ ነበር። ጅቡ «ራንድ» አለችና «ዊ ዲድንት ስሊፕድ አጌን» ብላ ታሪኩን ጨረሰች። ይህች ልጅ በመስከረም «ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን» የሚለውን ዝርዝር አንድም ሳትስት በቃሏ የወጣች ናት።

በዚያን ዕለት ለክፍል ምልከታ የመጣ አንድ ተቆጣጣሪ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ከክፍል ስንወጣ ማስታወሻውን እያገላበጠ፣ ልጅቷ ስድስተኛ ክፍል ያወቀችውን እንደ ረሳች፣ ተማሪ ስሕተት እየተናገረ ዝም መባሉ ሌሎቹንም እንደሚያበላሽ፣ የሰኞው ወግ ቀርቶ ዝርዝሩ እንደገና በቃል መያዝ እንዳለበት ነገረኝ። «አልረሳችም፤ አዲስ ነገር ገብቷታል» አልኩት። «ምንድን ነው የገባት?» አለኝ። ማስረዳት አልቻልኩም። የማውቀው በመስከረም አንድ ዓረፍተ ነገር መሥራት የማትችለው ልጅ ዛሬ አንድ ሙሉ ሌሊት መተረኳን ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ በምልከታ ቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ አልነበረውም። የሰኞው ጊዜ ቀረ። ልጅቷ በመንፈቀ ዓመቱ የባዶ ቦታ ሙሉ ፈተና ግሦቹን ሁሉ በትክክል ሞላች፤ በክፍል ውስጥ ግን እጇን ዳግመኛ ስታወጣ አላየሁም። ስምንተኛ ክፍል ስትገባ ሌላ መምህር ደረሳት፤ የት እንደ ደረሰችም አላውቅም።

የዚያን ቀን ያጣሁትን መልስ ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ በዩኒቨርሲቲ የክረምት ትምህርት ስከታተል ነው። ጂን በርኮ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1958 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመችው ጥናት፣ ለትንንሽ ልጆች በቋንቋው ውስጥ የሌለ፣ ራሷ የፈጠረችውን ግሥ ሰጠቻቸው። «ይህ ሰውዬ ‹ሪክ› ማድረግ ያውቃል፤ ትናንትም ይህንኑ አደረገ፤ ትናንት ምን አደረገ?» ስትላቸው ብዙዎቹ «ሪክድ» አሉ። ቃሉን ከማንም ሰምተውት አያውቁም። ስለዚህ ልጅ ቋንቋ ሲማር የሰማውን ብቻ አይደግምም፤ ሕጉን ራሱ ፈልጎ ያገኛል ማለት ነው። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሕፃናት መጀመሪያ «ዌንት»ን እንደ ሰሙት ይናገራሉ፤ ቀጥሎ ሕጉ ሲገባቸው ሕጉ በማይገዛቸው ግሦች መጨረሻም ላይ አንዳንዴ የ«-ድ»ን ድምፅ እየለጠፉ «ጎድ» ማለት ይጀምራሉ፤ ከዚያም ቀስ ብለው ወደ «ዌንት» ይመለሳሉ። መካከለኛው ደረጃ ለሚሰማው ሰው ውድቀት ይመስላል፤ ግን ልጁ በመጀመሪያ ያልነበረው ሕግ አሁን አለው። የእኛም ልጆች በአማርኛ ይህንኑ ያደርጋሉ። የልጅ ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሳለች «ና» ማለትን ትታ «አባባ፣ ምጣ!» እያለች ትጠራኝ ነበር። «በላ» ካለ «ብላ»፣ «መጣ» ካለ ደግሞ «ምጣ» መሆን ነበረበትና ልጅቷ ስሌቷ ልክ ነው።

ስለዚህ ያቺ የውድማዋ ልጅ የገባት ነገር ይህ ነበር። ያለፈ ነገር በተናገረች ቁጥር ግሡ ምልክት እንደሚያስፈልገው ተረድታ፣ ጅብ እያሳደዳት እንኳ ምልክቱን አንድም ጊዜ አልረሳችም። ዝርዝሩን በቃሉ ይዞ ሲተርክ «ሂ ጎ፣ ሂ ቴክ» የሚል ልጅ ግን ምልክቱ ገና አልደረሰበትም። እነዚህን ሁለት ልጆች በእኩል ዐይን አትዩአቸው።

«ዲድንት ስሊፕድ» ያለችውንም ልብ በሉልኝ፤ ይህ ስሕተት እናንተ ዘንድ ዛሬም ሞልቷል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ አማርኛችን ነው። እኛ «ሄደ»ን ስናፈርስ «አልሄደም» እንላለን፤ ከፊት «አል»፣ ከኋላ «ም» ሲጨመርበት በመካከል ያለው ግሥ ያለፈነቱን እንደ ያዘ ይቀራል። እንግሊዝኛ ደግሞ ያለፈነቱን ከግሡ አውርዶ ለ«ዲድ» ያሸክመዋል፤ ግሡ ባዶውን ይቀራል። ልጁ «ሂ ዲድንት ዌንት» ሲል «አልሄደም»ን አካሉ ሳይጎድል አሻግሮ ነው። እኔ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳ ላይ አንዱን ከአንዱ በታች እጽፍና ያለፈ ጊዜ የተሸከመውን ቃል ብቻ አስምሩበት እላቸዋለሁ። በአማርኛው ከ«ሄደ» ሥር፣ በእንግሊዝኛው ከ«ዲድ» ሥር ሲያሰምሩ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ይገባቸዋል። ቋንቋቸውን ከክፍል አስወጥታችሁ እንግሊዝኛን ላስተምር ካላችሁ ይህንን ማሳየት አትችሉም።

በተቃራኒው አማርኛ ያለፈ ጊዜ የሚጠቀምበት፣ እንግሊዝኛ ግን የአሁን ጊዜ የሚፈልግበት ቦታ አለ። «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ገባኝ» ስንል የአሁኑን ሁኔታ መናገራችን ነው። ለዚህ ነው ተማሪያችሁ «ገባህ?» ሲባል «አይ አንደርስቱድ» የሚላችሁ። ለአፍታ ከክፍል የሚወጣ ልጅ «መጣሁ» ለማለት «አይ ኬም» ቢላችሁም ከዚያው ነው። ስለ አጠራሩ ብዙ አልልም፤ «ላፍድ»ን «ላፍ-ኢድ» የሚል ልጅ «ክፍት» ማለት እንደማይቸግረው አስታውሱትና «ላፍት» በሉት፤ ወዲያው ይዞት ይሄዳል።

ዝርዝሩን በቃል ማስያዝ ከንቱ ነው ያልኩ እንዳይመስላችሁ። እኔ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ለተማሪዎቼም በዜማ እያስባልኩ አስጠንቻቸዋለሁ፤ ደግሜ ባስተምርም አስጠናቸዋለሁ። በእንግሊዝኛ ዘወትር የምንጠቀምባቸው መሄድ፣ መምጣት፣ መውሰድ፣ ማየት፣ መስጠት፣ መብላት የሚሉት ግሦች ሕግ የማይገዛቸው ስለ ሆኑ ያለ ሽምደዳ የሚያልፉበት መንገድ የለም። ዝርዝሩ ብቻውን ግን ታሪክ አይተርክም።

የዛሬ ልጆች በስልካቸው ከሚሰሙት ብዛት የተነሣ ጆሯቸው ከእኛ ይልቅ የተሳለ ነው፤ አጠራራቸውንም ስሰማ ደስ ይለኛል። አንድ ገጽ ተቀምጦ የሚጽፍ ግን እየጠፋ ነው። እናንተም መምህራኑ፣ ይቅር በሉኝና፣ የምርጫ ጥያቄ አባዝታችሁ ማደልን ታበዛላችሁ፤ ለማረም ይቀላልና። ከአራት አማራጮች መካከል «ብሮት» የምትለውን የከበበ ልጅ «ብሮት»ን በራሱ አፍ መቼ እንደሚናገራት ከዚያ ወረቀት ላይ አይታወቅም። ሰማንያ ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉንም ማናገር እንደማይቻል አውቃለሁ። በሳምንት ሦስት ልጅ ግን ይቻላል፤ የቀሩት ደግሞ የዚያኑ ሳምንት አንድ እውነተኛ ድርጊት በደብተራቸው ይጻፉ። ልጁ ሲናገር «ቴክድ» ካለ አታቋርጡት፤ «አህ፣ ሂ ቱክ ዩ? ዌር?» ብላችሁ ትክክለኛውን ቃል በጥያቄያችሁ ውስጥ አድርጋችሁ መልሱለትና ታሪኩን ይቀጥል።

ለጠየቀችኝ መምህርት ያልነገርኳት አንድ ነገር ቀርቷል። ልጆችሽ በመስከረም የጻፉትን ገጽ አስቀምጪው፤ በጥር የጻፉትንም እንዲሁ፤ በሁለቱም ላይ ቀን ይጻፍባቸው። በአንደኛው ገጽ ላይ ሦስት እርግጠኛ ዓረፍተ ነገሮች ይኖራሉ፤ በሁለተኛው ላይ «ብሪንግድ» እና «ቴክድ» የበዛበት አንድ ሙሉ ታሪክ። ለምልከታ የመጣ ሰው ልጆቹ ምን እንደ ገባቸው ሲጠይቅሽ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርገሽ ስጪውና ትክክል የሆኑትን ግሦች ብቻ ሳይሆን ያለፈ ጊዜ ምልክት የያዙትን ሁሉ እንዲቆጥር ጠይቂው።