ናይዘር እና ኖር፦ አሉታው የት ይቀመጣል?

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን የምጽፍላችሁ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። «አባቴም ወንድሞቼም ከአንኮበር አልመጡም» የሚለውን «ናይዘር ማይ ፋዘር ኖር ማይ ብራዘርስ ዲድ ኖት ከም ፍሮም አንኮበር» ብዬ ወደ እንግሊዝኛ ብተረጉመው፣ መምህሬ «ዲድ ኖት» በሚለው ላይ በቀይ አሰመሩበት። ስሕተቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ መምህሩ ማረማቸው ተገቢ ነው። ስሕተቱ የመነጨው ከአማርኛችን ልማድ ነው፤ እኛ «አባቴም ወንድሞቼም» ካልን በኋላ አሉታውን በግሱ ላይ እናሳርፋለን፣ በእንግሊዝኛ ግን አሉታውን ናይዘር እና ኖር ራሳቸው ስለሚሸከሙት ግሱ በአዎንታ «ኬም» ተብሎ ይቀመጣል። አሉታው ከተደገመ ዐረፍተ ነገሩ ይበላሻል። ለነጠላ «ዋዝ» (ነበረ) ወይም ለብዙ «ወር» (ነበሩ) መምረጥ ሲያስፈልግ ደግሞ ግሱ በቁጥር የሚስማማው ከሚቀርበው ባለቤት ጋር ነው፤ «ወንድሞቼ» በኋላ ስለመጡ «ወር» ይባላል፣ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ «ዋዝ» ይሆናል። «ወይ ይህ ወይ ያ» ለማለት የሚያገለግለው አይዘር የሚጣመረው ከኦር ጋር እንጂ ከኖር ጋር አይደለም።