ብድር ከመጠየቃችሁ በፊት ምክር ጠይቁ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ ባሉ ከተሞች የትናንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ ስሠራና ሳማክር ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ወጣቶች ቤቴ ይመጣሉ። የብዙዎቹ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ብድር የት ይገኛል?»

ብድር መጥፎ ነው አልልም። ግን በማያተርፍ ሥራ ላይ ብድር ሲጨመር የሚያድገው ኪሳራው ነው። መጀመሪያ ሥራው ማትረፉ ይታወቅ። ይህን ደግሞ ባለቤቱ ብቻውን ሆኖ ብዙ ጊዜ አያየውም።

ፍኖተ ሰላም ላይ በርበሬ አዘጋጅታ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ሙያዋን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክርላታል። አንድ ቀን አዲስ አበባ ያለ ሱቅ በብዛት እንድታቀርብለት ጠየቃት። እሷም የዛላውን መግዣና የወፍጮ ቤቱን ክፍያ ደምራ፣ ትንሽ ጨምራበት ዋጋ ልትነግረው ነበር። ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። መቶ ኪሎ ዛላ ተቀንጥሶና ደርቆ ስንት ኪሎ ይቀራል? መዝናው አታውቅም። ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ማሸጊያው፣ የመኪናው ጭነት የት ገባ? የራሷና የልጆቿ ጉልበትማ ጭራሽ አልተቆጠረም። በኪሎ በኪሎ ስትሸጥ ጉድለቱን የቤቱ ገንዘብ እየሸፈነላት አልታወቃትም። በኩንታል ብትልክ ኖሮ ግን ብዙ በሸጠች ቁጥር ብዙ ትከስር ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። ሱቁ የሚከፍለው ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ነው። እስከዚያ የሚቀጥለውን ዛላ በምን ትገዛለች? ዋጋውን ከለሰች፣ ቅድሚያ ክፍያም ጠየቀች። ሱቁ መጀመሪያ አንገራገረ። ወጪውን በዝርዝር ስታሳየው ግን እሺ አለ። አዲስ ገበያ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ለማያውቃችሁ ሰው ዋጋችሁን ማስረዳት መቻል።

በርበሬን ካነሳን አይቀር፣ የጥራቱን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። በእኛ አገር ዛላ ባዶ መሬት ላይ ይሰጣል። አንዳንዱ ነጋዴ ደግሞ እንዳይሰባበር፣ ሚዛንም እንዲያነሳ ውሃ ይረጭበታል። እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያፈራል። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ላይ የሚፈቅደው ጠቅላላ የአፍላቶክሲን መጠን በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም አይበልጥም። ይህን በዓይን አይተህ፣ በምላስ ቀምሰህ አታውቀውም። ላቦራቶሪ ያውቀዋል። ዕቃው ባሕር ተሻግሮ ከተመለሰ በኋላ ቢነግሩህ ምን ይጠቅምሃል? ጥሩ አማካሪ የሚደርስልህ ገና ስታሰጣ ነው። ሸራ አንጥፍ፣ ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ሥራ፣ ውሃ የነካውን አትግዛ ይልሃል። የማሩም ነገር እንዲሁ ነው። ንቦቹ እንጀራውን በሰም ሳይደፍኑት ከተቆረጠ ውሃው ይበዛና ማሩ ይቦካል። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው እርጥበት እስከ 20 በመቶ ነው። መለኪያዋ ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ መሣሪያ ናት። አንድ ማኅበር ተዋጥቶ ሊገዛት ይችላል።

አሁን የሚከብደውን ልንገራችሁ። እኛ ጎጃሞች «ሙያ በልብ ነው» እንላለን። ገቢያችንን ለሰው አንናገርም፤ የሰው ዓይን እንፈራለን፣ ግብርም እንፈራለን። አማካሪ ፊት ስንቀመጥም ግማሹን ደብቀን ግማሹን እናወራለን። ያልተነገረውን ማንም ሊያስተካክል አይችልም። ቤታችሁን ለጎረቤት ክፈቱ አላልኩም። ላመናችሁት አንድ ባለሙያ ግን ደብተሩን እንዳለ ዘርጉለት። ደብተር ከሌላችሁ ከነገ ጀምሩ። የገባ፣ የወጣ፣ በዱቤ የሄደ፣ ለቤት የተወሰደ፤ ለጊዜው ይህ ይበቃል።

ምክር ለማግኘት የግድ ብዙ ብር አያስፈልግም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን የሚባል አገልግሎት ይሰጣሉ። ሥራ ፈጠራ፣ የቴክኒክ ክህሎት፣ ቴክኖሎጂና ካይዘን፣ ማለትም አሠራርን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፣ አሉበት። ቅርባችሁ ያለው ኮሌጅ ሂዱና አሠልጣኞቹን ጠይቁ። ቢሮ ተቀምጠው ብቻ እንዳያወሯችሁ፣ የምትሠሩበት ቦታ ድረስ እንዲመጡ ለምኗቸው። ዕቃው ተበታትኖ፣ ሠራተኛው አንድ ነገር ፍለጋ ሲመላለስ ያየ ሰው የሚሰጠው ምክር ሌላ ነው።

ከአንድ ዓይነት አማካሪ ግን ተጠንቀቁ። ለብድር ማስፈቀጃ ብሎ የሌላ ሰው ጥናት ላይ የእናንተን ስም ለጥፎ የሚሸጥ አለ። የምለየው እንዲህ ነው፦ ደንበኛህ ማነው፣ በስንት ትሸጣለህ፣ ማን ይፎካከርሃል ብሎ ሳይጠይቅ ክፍያውን ከነገረኝ፣ ተነሥቼ እወጣለሁ።