ሁለት ጉልቻ፣ አንድ ጣሪያ

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በቀደም አንዲት ወጣት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ደወለችልኝ። ሥራ ከጀመረች ገና ስምንት ወሯ ነው። «እትዬ፣ ተፋተናል የሚሉ፣ ግን አንድ ቤት የሚኖሩ ባልና ሚስት መጥተው ግራ ገባኝ። እንደ አንድ ቤተሰብ ልቁጠራቸው ወይስ እንደ ሁለት?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። «እንኳን ደህና መጣሽ» አልኳት። እኔን ይህ ጥያቄ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሲያደክመኝ ኖሯል። ብዙ ሳናወራ ካርዷ አለቀ። የቀረውን እዚህ ልጻፈው። ለእሷ ብቻ አይደለም፤ ላገባችሁትም፣ ገና ለምታገቡትም፣ አይበለውና ለምትፋቱትም ነው።

እኛ ጎጃም ፍቺና መለያየት ሁልጊዜ በአንድ ቀን አይመጡም። ፍርድ ቤቱ ጋብቻው ፈርሷል ይላል። ቤቱ ግን አንድ ነው። የመሬት ደብተሩ ላይ የሁለቱም ፎቶ ጎን ለጎን እንደተለጠፈ አለ። ክረምት ገብቷል፣ ጭቃ ቤት በክረምት አይሠራም። ከተማ ከሆነ ደግሞ የቤት ኪራዩ አያስወጣም። ልጆች አሉ። እናም ሰውየው ከጓዳ ወደ ሳሎን፣ ወይም ከሳሎን ወደ በረቱ አጠገብ ይዛወርና ኑሮ ይቀጥላል። «ለጊዜው ነው» ይባላል። ያ ጊዜ ሁለት ዓመት ሲሞላው አይቻለሁ፣ ሰባት ሲሞላውም አይቻለሁ።

ነገሩ የሚከርረው ድጋፍ ሲጠየቅ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ውሰዱ። በ2003 ዓ.ም ለሙከራ ሲጀመር በአራት ክልሎች ባሉ 13 ወረዳዎች ነበር፤ ከጎጃም ደቡብ አቸፈር አንዱ ነበረች። ዛሬ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መድኑ የሚመዘግበው ነጠላ ሰው አይደለም፣ ቤተሰብ ነው። የዓመቱ መዋጮ የሚከፈለው በቤተሰብ ነው። ደብተሩ ላይ አባት፣ እናትና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ይሰፍራሉ። መዋጮውን መክፈል የማይችሉትን ቀበሌው ይለያቸዋል፣ ወጪያቸውን መንግሥት ይሸፍናል። ሴፍቲኔት ባለባቸው ወረዳዎችም ምልመላው እንዲሁ በቤተሰብ ነው። ስለዚህ «ድሃ ነሽ ወይ?» ከመባሉ በፊት «ቤተሰብሽ ማን ነው?» ይባላል።

ቤተሰብ ማለት ማን ነው ታዲያ? የስታቲስቲክስ ሰዎች ለቆጠራ ሲወጡ አንድ ቤት የሚኖሩና ማዕዳቸው አንድ የሆነ ሰዎችን እንደ አንድ ቤተሰብ ይይዛሉ። የቀበሌ ኮሚቴ ይህን ትርጉም አላነበበም፣ ግን ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል። ጉልቻ ይቆጥራል።

አንድ ቀን እኔም ጉልቻ ልቆጥር ወጣሁ። ቀበሌውን አልጠራውም። የዳጉሳና የበቆሎ አገር ነው፣ ይበቃል። አንዲት የሦስት ልጆች እናት ከባሏ በፍርድ ቤት ከተፋታች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። መክፈል ከማይችሉት ጋር መዝግቡኝ ብላለች። ኮሚቴው ደግሞ እምቢ ብሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰውየው እዚያው ግቢ ይኖራል፣ ጥማድ በሬ አለው። «ሁለት ቤት ነን» ትላለች። «አንድ ናችሁ» ይሏታል። እኔ አጣሪ ሆኜ ሄድኩ።

ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ነው። መሐሉ ላይ ማዳበሪያ ከረጢቶች ተሰፍተው እንደ መጋረጃ ተንጠልጥለዋል። ወዲህ የእሷ፣ ወዲያ የእሱ። በእሷ በኩል ምድጃው ሞቅ ብሏል፣ ድስት ተጥዷል። በእሱም በኩል ሦስት ጉልቻ በሥርዓት ተቀምጧል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አመድ የለም። ጥላሸት የለም። በሦስቱ ድንጋዮች መሐል ጭድ ተነጥፎ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ቀና ብላ አየችኝ፣ አልተነሳችም።

አብረውኝ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ይህስ የዶሮዋ ቤተሰብ ነው» አሉ። እኔም ሳቅሁ። ደብተሬን አውጥቼ «ማዕዳቸው አንድ ነው፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሴትዮዋ አልተከራከረችኝም። ቡና ላፍላ ብላ ለመነችኝ፣ ይመሽብኛል ብዬ ወጣሁ።

ያ ፊርማ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ከወራት በኋላ ከልጆቿ አንዱ ታመመ። ጤና ጣቢያ የከፈለችው በግ ሸጣ ነው። ያኔ ነው ቁጭ ብዬ በደንብ የጠየቅኋት። አዎ፣ ትቀቅልለታለች። «እትዬ፣ ባላበላው ቤቱን ይበጠብጥብኛል። ልጆቹ ፊት መጨቃጨቅ ሰለቸኝ። አንድ ጭልፋ ሽሮ ምን አላት?» አለችኝ። ከዚያ ቀጥዬ ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁ፤ ገንዘቡስ? ከበሬው፣ ከእህሉ ስንት ይደርስሻል? ምንም። እሱ የራሱን ይሸጣል፣ የራሱን ይጠጣል። የልጆች ቀለብ ተወስኖበት ነበር፣ ሁለት ወር ሰጥቶ አቁሟል። እሷ ሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች ነው ልጆቹን የምታሳድገው። እሱንም ጭምር እያበላች!

ድስቱ አንድ ነበር፣ ኪሱ ግን ሁለት። እኔ ድስቱን አይቼ ተመለስኩ። ለኮሚቴው ደብዳቤ ጽፌ ስህተቱ የኔ ነው አልኩ፣ በሚቀጥለው ምዝገባ ከልጆቿ ጋር ለብቻዋ ተመዘገበች። የተሸጠው በግ ግን አልተመለሰም።

ለዚህ ነው ለደወለችልኝ ባለሙያ «ጉልቻ መቁጠርስ ጀማሪም ያደርገዋል» ያልኳት። ማን ያበስላል ማለቱ አይከፋም። ከዚያ በኋላ ግን ማን ይገዛል፣ ማን ይከፍላል፣ አንዱ ሲቸግረው ሌላው ይሰጠዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ጎረቤት ምን ብሎ ይጠራቸዋል? ለቅሶ ሲሆን አብረው ይሄዳሉ? እድር ላይ የተመዘገቡት በአንድ ስም ነው በሁለት? የእድር ጸሐፊ ከቀበሌ መዝገብ የበለጠ ያውቃል።

ይህ የኛ ድህነት ያመጣው ጣጣ ብቻ አይምሰላችሁ። የእህቴ ልጅ እንግሊዝ አገር ናት። ከባሏ ተለያይታ ኪራይ ስለተወደደ እዚያው ቤት ለየክፍላቸው ቀሩ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚሉት ድጎማ አላቸው። አንድ ላይ እንደ ጥንድ የሚኖሩ ሰዎች የሚያመለክቱት በአንድነት ነው፣ የአንዱ ገቢ የሌላውን ድጎማ ይነካል። ተለያይተው አንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ግን ኑሯቸው በእርግጥ የተለየ መሆኑን ካሳዩ ለየብቻ ሊታዩ ይችላሉ። የጠየቋትን ስትነግረኝ አፌን ይዤ ቀረሁ። ማን ያበስላል? ልብስ ማን ያጥባል? የመብራት ሒሳብ በማን ስም ነው? ገንዘባችሁ አንድ ላይ ነው? ሰው እንደ ምን ያያችኋል? የአቸፈር ኮሚቴ ባሕር ተሻግሮ የሄደ መሰለኝ። ደግሞ እዚያው አገር ለማዘጋጃ ቤት የሚከፈል የቤት ግብር አለ፤ ቤቱ ውስጥ አንድ አዋቂ ብቻ ሲኖር 25 በመቶ ይቀነሳል። እሷ ቅናሹን አላገኘችም። ያኛው መሥሪያ ቤት ስለ ድስትም ስለ ፍቅርም አይጠይቅም፣ ራስ ብቻ ቆጥሮ ሁለት ናችሁ ይላል። አንድ ቤት፣ ሁለት ሰው፣ አንዱ ቢሮ ለብቻሽ ነሽ ሲል ሌላው ለብቻሽ አይደለሽም ይላል። ሁለቱም በየደንባቸው ልክ ናቸው።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን ላጫውታችሁ። ይሄኛው የቤቴ ጉዳይ ነው።

የአጎቴ ልጅ መምህር አግብታ በፍርድ ቤት ተፋታች። ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌ ገባ፣ ታረቁ። ጠላ ተጠመቀ፣ ቄሱ መረቁ፣ ሁላችንም በላን ጠጣን። ለወሳኝ ኩነት መዝጋቢው ቢሮ የተናገረ ግን የለም። እንደ ድሯቸው 11 ዓመት ኖሩ። ጋቢውን እየፈተለች፣ እሱም ጡረታውን እያመጣ። ከዚያ ሞተ።

በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ሚስት የሟች ባሏን ጡረታ 50 በመቶ ታገኛለች። ባልየው 4,000 ብር ያገኝ ከነበረ 2,000 ብር ለእሷ ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ 20 በመቶ አለው። የፈታች ሴት ግን ተተኪ አይደለችም። ማስረጃዋን ይዛ ስትሄድ የሰውየው ፋይል ተገለጠ። ውስጡ የፍቺው ውሳኔ አለ። ራሱ ነው ድሮ ያስገባው! ከዚያ ወዲህ የገባ የጋብቻ ወረቀት የለም። «እናቴ፣ እርስዎ እኮ ተፋተዋል» አላት ፋይሉን የገለጠው የቢሮ ልጅ። ትሕትና አላጣም፣ ከፋይሉ ውጭ የሚያየው ነገር ስላልነበረው ነው።

የቤተሰብ ሕጉ በር አልዘጋባትም። የጋብቻ ምስክር ወረቀት በሌለበት፣ ሰዎቹ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያ ማየቱን በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ቄሱ መሰከሩ፣ የእድሩ ዳኛ መሰከሩ፣ እኔም መሰከርኩ። ተፈረደላት። ግን ሁለት ዓመት ፈጀ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለአንድ ችሎት ሦስት ጊዜ የተቀጠረችበት ወር ነበር። በልጆቿ ድጎማ ነው የከረመችው።

ሁለቱን ሴቶች አስተያዩልኝ። የመጀመሪያዋ በወረቀት ተለያይታለች፣ ቢሮው ድስቱን አይቶ አንድ ናችሁ አላት። ሁለተኛዋ በድስት አንድ ናት፣ ቢሮው ወረቀቱን አይቶ ሁለት ናችሁ አላት። ቢሮ መከልከል ሲፈልግ የሚያየው አያጣም። ይህን የምለው ቢሮ ተቀምጬ ስለኖርኩ ነው።

ስለዚህ ወረቀትና ኑሮ ሳይጣጣሙ ብዙ አታቆዩአቸው። ከተፋታችሁ ውሳኔውን ወስዳችሁ ወሳኝ ኩነት አስመዝግቡት፣ ልደትም ጋብቻም ፍቺም ሞትም የሚመዘገበው እዚያው ነው። ከታረቃችሁም ተመልሳችሁ ሂዱ፤ በሽማግሌ እርቅ ብቻ የፍቺው ውሳኔ ከፋይል አይወጣም። የጤና መድን ደብተሩን ለዩ። የባንክ ደብተር ለየብቻ አውጡ። የንብረት ክፍፍሉን «ቆይ ይደርሳል» አትበሉት፣ ቤቱ ካልተከፈለ ሌላው ሁሉ አይከፈልም። የልጅ ቀለብ በእጅ ተቀብላችሁ ዝም አትበሉ፣ በባንክ ይግባ። ያን ጊዜ ሰጠሁ አልሰጠህም የለም። አንድ ቤት ለመቆየት ከተገደዳችሁም ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ምክንያት፣ እስከ መቼ የሚለውን በሁለት መስመር ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ሴቶች ልጆቼ፣ በተለይ እናንተ። ሽሮውን ብታካፍሉት አልጠላም፣ ግን የማን ሽሮ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይኑር።

የውሸት ፍቺ የሚሉትንም ሰምታችኋል። የቤት መሥሪያ ቦታ ለየብቻ ለማግኘት ተፋተው «ያላገባ» ማስረጃ ይዘው የሚዞሩ አሉ። በ1989 የመሬት ሽግሽግ ጊዜም እንዲህ ያለ ወሬ እሰማ ነበር። በዚህ ላይ ብዙ አልሰብክም። አንድ ብቻ ልበል፤ በውሸት ተፋተው በእውነት የቀሩ ሦስት ቤተሰብ አውቃለሁ። ፍርድ ቤቱ የውሸት ብሎ አልጻፈላቸውም።

ለእናንተ ለጀማሪ ባለሙያዎቹ ደግሞ ቡና ላፍላ ሲሏችሁ ተቀመጡ። ሰው ኪሱን የሚናገረው ሁለተኛው ስኒ ላይ ነው። እኔ ያን ቀን ብቀመጥ ኖሮ በጉ ይተርፍ ነበር።

ጡረታ ልወጣ ሰሞን በዚያው ሰፈር አለፍኩ። የማዳበሪያው መጋረጃ የለም። በቦታው የጭቃ ግድግዳ ቆሟል፣ ገና በወጉ አልተለሰነም። ፍርድ ቤቱ ቤቱን ከፍሎላቸው ኖሯል። ከወዲያኛው ክፍል በር ጭስ ይወጣል፣ ያረረ ሽንኩርት ይሸታል። ሰውየው ድስቱን በእንጨት እየቧጠጠ ያስላል። ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ጌሾ እየለቀመች ነበር። አየችኝና ተነሳች፣ ሳመችኝ። ከዚያ በአገጯ ወደ ጭሱ ጠቆም አድርጋ «እትዬ፣ ገብተው ይዩዋ» አለችኝ። «ዶሮዋን ሸጠናታል።»