ፕለጊኖቹ ተጣልተው እንግዳው ደጅ ቀረ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ላሊበላ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ለገና የሚመጡ እንግዶች አልጋ የሚይዙት ዎርድፕረስ በሚባለው የሳይት መሥሪያ በተሠራው ዌብሳይታችን ነው። ባለፈው ሳምንት «ሳይትሽ ደህንነቱ አይታመንም ይላል» ስላሉኝ አንድ የኤስኤስኤል (ግንኙነቱን በምስጢር የሚይዝ) ፕለጊን፣ ማለትም ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም፣ ጫንኩ። የድሮ ገጾችን ወደ አዲሶቹ የሚያዞር ሌላም ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ ሳይቱም አድሚን ገጹም «ቱ ሜኒ ሪዳይሬክትስ» (ማዞር በዛ) እያለ አልከፈት አለ። የሠራልኝ ልጅ ስልክ አያነሳም። አጥፍቼው እንደ አዲስ ልጀምር?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ! ምንም እንዳታጠፊ። ጽሑፉም ፎቶውም የተያዙት አልጋዎችም እዚያው ናቸው፤ የተበላሸው በሩ ነው።

ደሴ ፒያሳ ላይ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ስትጠይቂ «መናኸሪያ ነው» ብለው ይሰዱሻል፤ መናኸሪያ ስትደርሺ «ፒያሳ ነው» ይሉሻል። የአንቺም ሳይት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ክሮም 20 ጊዜ ተመላልሶ ሲሰለቸው ይተወዋል።

አድሚን ገጹ እምቢ ስላለ ሳይትሽ በተቀመጠበት በሆስቲንግሽ በኩል ግቢ። ሲፓነል የሚባለው መቆጣጠሪያ ካለሽ ፋይል ማናጀርን ክፈቺ፣ ደብሊውፒ-ኮንቴንት የሚለው ፎልደር ውስጥ ፕለጊንስ የሚል ታገኛለሽ፣ የእሱን ስም ቀይሪው፤ መጨረሻው ላይ 1 ብትጨምሪም ይበቃል። ዎርድፕረስ ፕለጊኖቹን ሲያጣቸው ያለ እነሱ ይነሳል። አሁን ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች፦ ስሙን ከመመለስሽ በፊት አድሚን ገብተሽ የፕለጊኖቹን ዝርዝር አንዴ ክፈቺው። ያኔ ነው ሁሉም ሳይሰረዙ ከሥራ ውጭ የሚሆኑት። ይህን ከዘለልሽ ስሙን ስትመልሺ እንደበሩ ይመጡና ጠቡ ይቀጥላል። ከዚያ ስሙን መልሺና አንድ በአንድ እያበራሽ ሳይቱን እዪው።

ስታዪ ግን በኢንኮግኒቶ (የድሮውን በማያስታውሰው የብራውዘር መስኮት) ይሁን። 301 የሚባለው ሪዳይሬክት «ለዘለቄታው ዞሯል» ማለት ስለሆነ ብራውዘሩ በልቡ ይይዘዋል። እኔ ራሴ አንዴ ተስተካክሎ ካለቀ ሳይት ጋር ከአቦል እስከ በረካ ስታገል ነበር።

ክላውድፍሌር የሚባለውን፣ በእንግዳውና በሰርቨርሽ መካከል የሚቆመውን አገልግሎት ትጠቀሚ እንደሆነ አልጻፍሽም። ከሆነ የምጠረጥረው እሱን ነው። ኤስኤስኤሉ ፍሌክሲብል ላይ ከተቀመጠ፣ ክላውድፍሌር ሰርቨርሽን የሚያናግረው ባልተመሰጠረው ኤችቲቲፒ ነው፤ አዲሱ ፕለጊንሽ ደግሞ «በተመሰጠረው ኤችቲቲፒኤስ ና» ብሎ ይመልሰዋል፤ እሱም ተመልሶ በኤችቲቲፒ ይመጣል። ሆስቲንግሽ ላይ ሰርተፍኬት መኖሩን አረጋግጪና ወደ ፉል ቀይሪው።

ፕለጊኖቹ ጠፍተውም ከዞረ፣ ኤችቲአክሰስ የሚባለው የተደበቀ ፋይል ውስጥ የተዉት ትእዛዝ ይኖራል። የእሱንም ስም ቀይሪ፤ ሲከፈትልሽ ሴቲንግ ውስጥ ፐርማሊንክስ ገብተሽ ሴቭ ስትዪ ዎርድፕረስ አዲስ ይጽፋል። እዚያው ጀነራል የሚለው ውስጥ ያሉትን ሁለት አድራሻዎችም እያቸው፤ አንዱ ዳብልዩዳብልዩዳብልዩ ኖሮት ሌላው ከሌለው አንድ አድርጊያቸው።

ሳይቱ ወደማታውቂው የቁማር ገጽ የሚወስድ ቢሆን ኖሮ ግን ሌላ ነገር ነበር። ያ ሰብሮ የገባ ሰው ሥራ ነው። አንዱ መምጫውም የሚሸጥ ፕለጊን በነጻ ከማይታወቅ ቦታ ሲወርድ ነው።

ሲስተካከል በሌላ ሰው ስልክ አንድ አልጋ ለራስሽ ያዢበት። የፊት ገጹ ተከፍቶ አልጋ ማስያዣው ላይ ሲደርስ የሚዞር ሳይት ብዙ አይቻለሁ።