ጥቁር ጅራት፣ ነጭ የራስ ቅል፦ ስለ ጆሊ ሮጀርስ ጥያቄና መልስ

ስለ አሜሪካ ባህር ኃይል ተዋጊ ጄቶች ካነሳችሁልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጆሊ ሮጀርስ፣ ማለትም የባህር ወንበዴዎችን የራስ ቅልና አጥንት ምልክት ስለያዘው ስኳድሮን (የተዋጊ አውሮፕላኖች ቡድን) ስለሆኑ እነሱን ላስቀድም። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ የባህር ወንበዴ ምልክት የመንግሥት አውሮፕላን ላይ ምን ይሠራል?

መልስ፦ በ1943 የተቋቋመው፣ ቶም ብላክበርን ያዘዙት ቪኤፍ-17 ስኳድሮን የሚያበረው ኮርሴር የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ነበር። ኮርሴር የባህር ወንበዴ ማለት ስለሆነ የወንበዴዎቹን ባንዲራ ሞተሩ ሽፋን ላይ ሳሉት። በሰለሞን ደሴቶች ላይ ስማቸው ገነነ፤ ከአብራሪዎቹ አንዱ አይክ ኬፕፎርድ ብቻውን 16 የጃፓን አውሮፕላኖችን ጥሏል።

ጥያቄ፦ ዛሬ ምልክቱን የያዘው ያው ስኳድሮን ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝም ይሄ ነው። ቪኤፍ-17 ስሙ ተቀይሮ በመጨረሻ ቪኤፍ-61 ሆነና በ1959 ፈረሰ። የሌላ ስኳድሮን፣ የቪኤፍ-84፣ አዛዥ ይህን ሲሰሙ ስሙና ምልክቱ ለእኛ ይሰጠን ብለው አመለከቱ፤ በ1960 ተፈቀደላቸው። በ1995 ቪኤፍ-84ም በተራው ሲፈርስ ሦስተኛ ስኳድሮን፣ ቪኤፍ-103፣ ስላገርስ የሚለውን የቆየ የራሱን ስም ትቶ ምልክቱን ተረከበ። በባህር ኃይሉ መዝገብ እነዚህ ስኳድሮኖች የዘር ሐረጋቸው ለየብቻ ነው። የራስ ቅሉ እስከ ዛሬ የቆየው እንዳይጠፋ የተሟገቱለት ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ጥያቄ፦ የእውነት የሰው አጥንት አላቸው ይባላል?

መልስ፦ በስኳድሮኑ ውስጥ የሚተረከው እንዲህ ነው፦ በ1945 ኦኪናዋ አካባቢ የወደቀ ጃክ ኧርኒ የተባለ ወጣት መኮንን በሬዲዮ “በራስ ቅሉና በአጥንቶቹ አስታውሱኝ” አለ፤ ቤተሰቡም አጽሙን ለጓዶቹ ሰጠ። በመስታወት ሣጥን የተቀመጠው ይህ አጽም አዛዥ ሲቀየር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር ይባላል። ታሪኩ በቃል የወረደ ስለሆነ እኔም የማቀርበው እንደ ትውፊት ነው።

ጥያቄ፦ ቀለሙን በደንብ ግለጽልን።

መልስ፦ በደስታ! ከሁሉ ያማረው በ1970ዎቹ መጨረሻ የነበረው ኤፍ-14 ቶምካት የተባለው ተዋጊ ጄታቸው ነው። ጀርባው ፈዛዛ ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ፤ ቀጥ ብለው የቆሙት ሁለት ጅራቶች ጥቁር፣ በላያቸው ነጩ የራስ ቅል ከተጠላለፉት አጥንቶች ጋር። ከአብራሪዎቹ ክፍል ግርጌ ደግሞ ጥቁርና ቢጫ ሰንበር ነበረው። በ1980ዎቹ ግን ከሩቅ እንዳይታዩ ተብሎ ጄቶቹ በሙሉ ወደ ደብዛዛ ግራጫ ተለወጡ። አሁን ሙሉ ቀለም የሚቀባው ብዙ ጊዜ አንድ ጄት ነው፤ ቁጥሩ በ00 የሚያልቀውና በአውሮፕላን ተሸካሚው መርከብ ላይ ላሉት ስኳድሮኖች ሁሉ አዛዥ የተሰየመው። ለእኔ አንድም ቢሆን በቂ ነው።

ጥያቄ፦ በ1981 የሊቢያን ጄቶች የጣሉት እነሱ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፤ ቪኤፍ-41 የተባለው ሌላ ስኳድሮን ነው። ሁለቱም ኒሚትዝ የተባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ስለነበሩ ይምታታል።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። ልጄ አውሮፕላን ይወዳል፣ የት ልውሰደው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቅርብሽ ነው። ደለስ ኤርፖርት አጠገብ ባለው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም አንድ ቶምካት ቆሟል፤ መግቢያ አይከፈልም፣ መኪና ማቆሚያ ግን ይከፈላል። የዚያኛው ጅራት የራስ ቅል የለበትም፤ ግን በ1989 የሊቢያን ሚግ-23 ተዋጊ ጄቶች ከጣሉት ሁለት ቶምካቶች አንዱ ራሱ ነው። ጆሊ ሮጀርስ ዛሬ ሱፐር ሆርኔት የተባለውን ጄት ይዘው ቨርጂኒያ ቢች፣ ኦሺያና ጣቢያ ናቸው፤ እዚያ የአየር ትርኢት ሲኖር ይዘሽው ሂጂ። የጆሮ መከላከያ አትርሺ፣ ድምፁ ለሕፃን ጆሮ ይከብዳል።