ከየትኛው ወገን ልሁን?

አንዲት ወጣት መሐንዲስ «ጋሼ፣ ሁለቱ አለቆቼ ገመድ ጉተታ ላይ ናቸው፤ ከየትኛው ወገን ልሁን?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ገመድ ጉተታ በጨዋታነቱ ደስ ይለኛል። በሠራተኞች ስፖርት ላይ ሲካሄድ ሜዳው በጩኸት ይናጋል። እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1920 የኦሊምፒክ ውድድር እንደነበር ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ በአንድ ወገን ስምንት ሰው ይሰለፋል። ጡንቻ ብቻውን አይበቃም። ተረከዙን ተክሎ፣ ወደ ኋላ ተንጋሎ፣ እኩል የሚስበው ቡድን ያሸንፋል።

ጨዋታው ዳኛ አለው፣ መስመር አለው፣ ያልቃል። ጋዜጦች ስለ ሥልጣን ወይም ስለ ዓባይ ድርድር «ገመድ ጉተታ» ብለው ሲጽፉ ግን መጨረሻው የማይታየውን ማለታቸው ነው። ሰዎቹ ሲጓተቱ ሥራውም ይጓተታል።

ወጣት ሳለሁ አንድ የገጠር ከተማ የውኃ መስመር ሥራ ላይ ተመደብኩ። ቱቦው መንገድ ማቋረጥ ነበረበት። የመንገድ ሰዎች «መጀመሪያ አስፋልቱ» አሉ። የእኛዎቹ «መጀመሪያ ቱቦው» አሉ። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ያከፋውም ይኸው ነው። ደብዳቤ ተጻጻፉ። ግልባጩ ያልደረሰው መሥሪያ ቤት አልነበረም። ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀመጠ ግን አልተገኘም። ክረምት መጥቶ ሄደ። ቱቦው ግቢ ውስጥ ተከምሮ ቀረ። ሴቶቹ በአጠገቡ ጀሪካን ተሸክመው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። አንዲት እናት ባገኙኝ ቁጥር ቆም ይሉና «ልጄ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚቀበረው?» ይሉኛል። «በቅርቡ ነው እማማ» እላለሁ። የማውቀው ነገር አልነበረም። ኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርኩ። ውኃው የገባው እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። ዛሬም ያንገበግበኛል።

እናንተ የዛሬ ልጆች ወገን ለመያዝ ትቸኩላላችሁ። ፌስቡክ ላይ ሁለት ሰው ሲጣላ፣ ነገሩን ሳትሰሙ ገመዱን ትይዛላችሁ። በግልጽ መጠየቃችሁን ግን እወድላችኋለሁ። እኛ አለቃ ፊት ቀና ብለን አናይም ነበር።

ልጄ፣ ከማንም አትወግኚ ልልሽ ነበር። ግን አንዱ «የጥራት ፍተሻውን ዝለይው» ካለሽ፣ ያኔ ከሌላው ጋር ሆነሽ ባለ በሌለ ኃይልሽ ጎትቺ። የቀረው በስብሰባ ያልቃል። ሁለቱንም ጥሪያቸው። ሥራውን የሚጠብቁት እነማን እንደሆኑ መጀመሪያ ንገሪያቸው። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ላይ ቀን ይቆረጥ፤ ሁለቱም ይፈርሙበት።